ለጉድኝት ሱፐርቫይዘራችን ምስጋና፣ ለደሴ ወላጆች ጥቆማ

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት በመጣ ቁጥር ደሴ ላይ ክርክሩ ያው ነው፤ ለ9ኛ ክፍል ሆጤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ መምህር አካለወልድ? ይህን በስማ በለው ሳይሆን መዝገብ አይተን እንድንመዝን ያስተማሩን የጉድኝት ሱፐርቫይዘራችን፣ ማለትም በአንድ ላይ የተቧደኑ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚደግፉትና የሚከታተሉት ባለሙያ ናቸው። ጋሼ፣ ስምዎን አደባባይ ባናወጣውም ምስጋናችን ይድረስዎ። አላህም እግዜርም ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ከሁሉ በፊት የሚነግሩን በባነር ቁጥር እንዳንሸወድ ነው። «ይህን ያህል ተማሪ ዩኒቨርሲቲ አስገባን» ከተባለ፣ ከስንት ተፈታኝ? ስንቱ 50 በመቶ አምጥቶ፣ ስንቱስ በሬሚዲያል (50 በመቶ ላላመጡ በሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት)? በአገር ደረጃ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ 10 በመቶ ያሳለፈን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደካማ ነው ብሎ መሸሽ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የሚያስጠይቁን መነሻውን ነው፤ የዘንድሮ ተፈታኞች 9ኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ነበሩ? ለምሳሌ አንዱ 100 አስፈትኖ 20 ቢያሳልፍ፣ ሌላው 400 አስፈትኖ 60 ቢያሳልፍ፣ የመጀመሪያው 20 በመቶ ሆኖ 15 በመቶውን ይበልጣል። ነገር ግን የመጀመሪያው በ9ኛ ክፍል 300፣ ሁለተኛው 500 ተቀብለው ከነበረ ነገሩ ይገለበጣል፤ 7 በመቶ ገደማ ለ12 በመቶ። ደካማውን ተማሪ ከፈተናው በፊት የሚያጣ ትምህርት ቤት መቶኛው ያምርለታል። ያቋረጠውን፣ የደገመውንና መልቀቂያ ወስዶ የሄደውን ለየብቻ አስቆጥሩ። ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስም ተደባልቀው አይነጻጸሩ። ደሴ በጦርነቱ የተያዘችበትን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሌላው ዓመት ጋር አታመዛዝኑት።

የኢንስፔክሽን ሪፖርት (ትምህርት ቤቱ በስታንዳርድ ተመዝኖ ደረጃ የሚሰጥበትን) የሚያነብ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ያሳዝናል፣ ትልቁ መረጃ እዚያ ነውና። 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 69.99 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89.99 ደረጃ 3፣ ከ90 ጀምሮ ደረጃ 4 ነው። 51 ያገኘውም 69 ያገኘውም «ደረጃ 2» ስለሚባሉ ደረጃውን ሰምታችሁ አትመለሱ፤ ነጥቡን፣ በተለይም የሂደቱን፣ እዩ። ግብዓት ማለት እንደ ሕንፃና መጽሐፍ ያለው ነው፤ መምህሩ ክፍል ገብቶ የሚሠራው የሚታየው ሂደት ላይ ነው።

በአካል ስትሄዱ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ (መለኪያው 40 ነው)፣ ትምህርቱ በፈረቃ ይሁን ሙሉ ቀን፣ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ዓመቱን ሙሉ መኖሩን ጠይቁ። ቤተ ሙከራ ገብታችሁ ቧንቧውን ክፈቱ፤ የኬሚካሎቹን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አንብቡ። ከጢጣ ወይም ከገራዶ ለሚመላለስ ልጅ የመንገዱም ነገር ይታሰብ፤ በደሴ ዳገትና የጠዋት ብርድ ደክሞ የደረሰ ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል።

የየአካባቢያችሁን ሱፐርቫይዘር ለማግኘት የክፍለ ከተማችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሂዱ፤ በምዝገባው ሳምንት ፋታ የላቸውም። የልጁን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ካርድ ያዙ። የተፈታኝና የተመዝጋቢ ቁጥሩን ግን በየትምህርት ቤቱ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በኩል ብትጠይቁ ይቀላል።