እናቴን በሰላም ለሸኘችልን የጉዞ ወኪል ምስጋና

ትኬት ቆራጭን ማመስገን ብዙም አልተለመደም። ትኬቱ ከወጣ በኋላ ማን ማንን ያስታውሳል? እናቴን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሲድኒ የላከችልንን ወኪል ግን ዝም ብዬ ባልፋት ቅር ይለኛል።

እናቴ በየ12 ሰዓቱ የምትውጠው መድኃኒት አላት። ስለዚህ ማወቅ የፈለግነው ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነበር። መጀመሪያ የጠየቅነው ቢሮ "ቅዳሜ ማታ ተነስተው ሰኞ ጠዋት ይገባሉ" ብሎ ሸኘን። እናቴ ሁለት ሌሊት አየር ላይ የምታድር መስሏት ጉዞውን ልትተወው ነበር።

ይህቺ ባለሙያ ግን አስቀምጣ አስረዳችን። ርቀቱ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብሎ ያካፈለ ሰው 13 ሰዓት ከምናምን ያገኛል። አውሮፕላኑ ግን መሬት ላይ የሚንደረደርበት ጊዜ አለ። ወደዚያ ሲሄድ ደግሞ ላይኛው ነፋስ ከፊት ለፊት ይገፋዋል፤ በረራው 15 ሰዓት ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ስለሚያግዘው ወደ 13 ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

"እሺ፣ እሁድስ የት ገባ?" አለች እናቴ።

ወኪሏ ሳቀች። "እማማ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለውን የቀን መለወጫ መስመር ሲሻገሩ ነው የሚያልፍዎት። ሲመለሱ ይካሳሉ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሲድኒ ቢነሱ፣ ሎስ አንጀለስ የሚገቡት እዚያው ቅዳሜ ጠዋት ነው።"

እናቴ ይሄን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ አልጠገበችም።

ከዚያ ወኪሏ ወረቀት አወጣች። ከላይ የሎስ አንጀለስን ሰዓት፣ ከስሩ የሲድኒን፣ ትይዩ አድርጋ ደረደረች። አውሮፕላኑ የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን በቀይ አከበበች። መድኃኒቱን በተመለከተ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ "ይሄን ለሐኪማቸው አሳዩት፣ እሳቸው ይወስኑ" ብላ ሰጠችን። በጣም የወደድኩላት ይሄን ነው። ሐኪሙም መውሰጃ ሰዓቱን እዚያው ወረቀት ላይ ምልክት አደረጉላት። እናቴ ፓስፖርቷ ውስጥ አጥፋ ይዛው ሄደች። ተነስታ እግሯን እንድታፍታታ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር የያዘችላትም ወኪሏ ናት፤ እኛ አላሰብነውም ነበር።

እንከን ካላችሁኝ፣ ቀስ ያለች ናት። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ሳትጨርስ ቀና ብላ አታያችሁም። ቸኩላችሁ ከሆነ ትበሳጫላችሁ። ብቻውን የሚጓዝ ትልቅ ሰው ወይም ሕፃን የያዘች እናት ካለቻችሁ ግን ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያት ፈቅዳለች። ጠዋት ጠዋት ብትደውሉ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ መስመሯ አይገኝም።