መርፌው ወይስ የጣና ዳር እርምጃ? ከዓይን ጤና አንጻር

ባሕር ዳር ውስጥ ክብደት ልቀንስ የሚል ሰው ዛሬ ሁለት ነገር ያማርጣል። አንዱ በሳምንት አንዴ የሚወጋው ሴማግሉታይድ (ኦዜምፒክ ወይም ዊጎቪ) ነው። ሌላው ምግብ ቀንሶ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር መራመድ።

በፍጥነት መርፌው ይበልጣል። በአንድ ትልቅ ጥናት ተጠቃሚዎች በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። በእርምጃ ይህን ማግኘት ከባድ ነው።

ዓይን ላይ ግን መርፌው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ስኳር ካለባቸው ተጠቃሚዎች በ3 በመቶዎቹ ላይ የሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ችግር አሳይቷል፤ መድኃኒቱን ባልወሰዱት 1.8 በመቶ ነበር። የደም ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ቀድሞ የተጎዳ ሬቲና ሊባባስ ይችላል። በ2025 ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የዓይን ነርቭ ደም ሲያጥረው የሚመጣን ድንገተኛ የእይታ መቀነስ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ጉዳት ብሎታል፤ ከ10,000 ተጠቃሚ እስከ 1 ሰው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። የጠፋ እይታ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

እርምጃ ከዓይን ጋር ጠብ የለውም። እንዲያውም ስኳርና ግፊትን ያግዛል። ጉልበቱን ለሚያመው ግን ይከብዳል።

ጥቂት ኪሎ ብቻ ለሚቀንስ ጤነኛ ሰው እርምጃውን እመርጣለሁ። ስኳር ኖሮብዎት ሐኪም መርፌውን ካዘዘ አይፍሩት፤ ከመጀመርዎ በፊት ግን ሬቲናዎን ይታዩ። አንድ ዓይንዎ ድንገት ከደበዘዘ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።