በለንደን የበጋ ሙቀት፦ ሴንትራል ወይስ ዲስትሪክት?

ሴንትራልና ዲስትሪክት የተባሉት ሁለቱም የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች ለንደንን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣሉ፤ በሐምሌ ሙቀት ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው ሴንትራል የሚሮጠው በጠባብና ጥልቅ ዋሻ ነው። ባቡሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የሚፈጠረው ሙቀት መውጫ አጥቶ በዙሪያው ባለው ሸክላ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። ያ አፈር ቀድሞ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለ ነበር ዋሻውን ያቀዘቅዝ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሙቀት ጠጥቶ ዛሬ ራሱ ምድጃ ሆኗል። ባቡሩ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ቢገጠምስ? ቦታው ጠባብ ነው፤ የሚተፋው ትኩስ አየርም እዚያው ዋሻ ውስጥ ይቀራል።

ዲስትሪክት በእንፋሎት ባቡር ዘመን ከመሬት ወለል አጠገብ ስለ ተቆፈረ ይተነፍሳል፤ ባቡሮቹም ማቀዝቀዣ አላቸው። ቢዘገይም (ደግሞም ይዘገያል) እኔ እርሱን እመርጣለሁ።