የግንቡ ፎቶግራፍ ወይስ የወለቃ ጀበና?
ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄደ ቤተሰብን የባህል ግጭት በፊልም ለማሳየት ሁለት ምልክቶች ይታሰባሉ፤ አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፋሲል ግንብ ፎቶግራፍ፣ ሌላው ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የተወሰደ የሸክላ ጀበና ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ግንብ ተመልካቹ ወዲያው ይለየዋል፤ ነገር ግን ልጁ በፎቶግራፉ መስታወት ላይ የራሱን ፊት ካላየበት በቀር፣ ምስሉ ከፖስትካርድ አይዘልም። ጀበናው ግን በእጅ ይያዛል። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ስለነበሩ፣ እናቲቱ አንገቱ የተሰነጠቀውን ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስትጥድ፣ ልጇ ደግሞ ከጎኗ የቡና ማሽኑን ሲጫን በአንድ ፍሬም ማሳየት ጠቡን ያለ ንግግር ያወጣዋል። ሸክላ ሠሪነት «ቡዳ» እያሰኘ ያስንቅ እንደነበር ለሚያውቅ የጎንደር ተመልካችማ፣ ስንጥቁ ከስደቱም በፊት የነበረ ነው።