የቀዩ ዝልግልግ ማጥፊያ ዱቄት፦ ይሠራል፣ ግን መጀመሪያ የአየር ፓምፕ አዘጋጁ

የባሕር ውሃ አኳሪየም ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ጠዋት አሸዋው ደህና ይመስላል፣ ከሰዓት ስትመለሱ ቀይ ጨርቅ የለበሰ መስሎ፣ ላዩ ላይ ትንንሽ የአየር ፊኛዎች ተደርድረውበት ታገኙታላችሁ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ታግዬዋለሁ። በቱቦ ስቤ አወጣዋለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ቁጭ ይላል። ኮራሎቹ (ድንጋይ ላይ የሚያድጉት የባሕር እንስሳት) ላይ መውጣት ሲጀምር ግን አላስቻለኝም፤ ዱቄቱን ገዛሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁ ነገር ምን እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። ቀዩን ብዙ ሰው አልጌ ይለዋል፣ አልጌ ግን አይደለም፤ ሳይኖባክቴሪያ ነው፣ ማለትም በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ። ስለዚህ ዱቄቱ ፀጉር የሚመስለውን አረንጓዴ አልጌ አያጠፋላችሁም። አዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ ብናኝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይሄዳል። ለመለየት ነካ አድርጉት። ሳይኖው እንደ ስስ ቆዳ ተገፎ ይነሳል፣ ፀጉር አልጌው ግን ድንጋዩን ሙጭጭ ይላል። ቡናማ ሆኖ እንደ ንፍጥ የሚንጠለጠል ከሆነ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ይሻላል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የቻልኩትን ያህል በቱቦ ሳብኩ፣ ውሃውን የሚያጣራውን ካርበን አወጣሁ፣ ጀርም የሚገድለውን የዩቪ መብራትና ስኪመሩን (ቆሻሻን በአየር አረፋ ከውሃው የሚያወጣውን መሣሪያ) አጠፋሁ። ልኩን ያሰላሁት ድንጋይና አሸዋ የያዙትን ቦታ ቀንሼ በቀረው ውሃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ አላየሁም። በሁለተኛው ቀን ቀዩ ነገር ገርጥቶ በየቦታው መላቀቅ ጀመረ፣ በ48ኛው ሰዓት 20 በመቶውን ውሃ ስቀይር አሸዋው ነጭ ሆኖ ታየኝ። ዓሳም ኮራልም አልሞተብኝም። ስኪመሩ ግን ከዚያ በኋላ ለቀናት እንደ ሳሙና ሲያረፋ ነበር፣ እና አረፋው የሚጠራቀምበትን ኩባያ በየሰዓቱ እየደፋሁ ሰነበትኩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ሌሊት ዓሳዎቼ ውሃው አፍ ላይ ወጥተው በፍጥነት ሲተነፍሱ ደረስኩባቸው። የሚሞተው ባክቴሪያ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ አየር የሚያስገባው ስኪመር ደግሞ ጠፍቷል። ተሯሩጬ የአየር ፓምፕ አረፋ ከሚያወጣው ድንጋዩ ጋር ባላስገባ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። መመሪያው ላይ አየር ጨምሩ የሚል አለ፣ ግን ከጀርባ በኩል በደቃቅ ፊደል! ይሄ ፊት ለፊት በትልቁ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

ሌላው፣ ዱቄቱ ያለውን ይገድላል እንጂ ቀለቡን አያቆምም። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ጥግ ላይ እንደገና ቀላ። ያኔ ነው ነቅቼ መለካት የጀመርኩት። ከቀለቡ አንዱ የሆነው ፎስፌት በሊትር 0.25 ሚሊግራም ነበር። ለገንዳው የምጨምረውን ውሃ የማጣራበት ሬዚን (በውሃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችን ይዞ የሚያስቀር ፍሬ) አልቆ ኖሮ፣ ዜሮ ማሳየት የነበረበት የቲዲኤስ (በውሃ ውስጥ የሟሙ ነገሮች) መለኪያ 18 አሳየኝ፤ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ራሴ ስመግበው ከርሜያለሁ ማለት ነው። ሬዚኑን ቀየርኩ፣ የቀዘቀዘውን ምግብ አጥቤ መስጠት ጀመርኩ፣ ውሃ ከሚያንቀሳቅሱት ፓምፖች አንዱን ውሃው ወደሚተኛበት ጥግ አዞርኩ። ፎስፌቱን ቀስ ብዬ ወደ 0.05 አወረድኩት፣ ሌላው ቀለቡ ናይትሬት 8 አካባቢ ነው። ሁለቱንም ዜሮ አታድርሷቸው፤ ዳይኖፍላጀሌቱ የሚወደው እንደዚያ ያለውን ገንዳ ነው።

አሁን አራት ወር ሆነው፣ አልተመለሰም። ኮራል እየተሸፈነበት የተቸገረ ሰው ቢጠይቀኝ ግዛው እለዋለሁ፣ አሸዋው ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያየ ግን ገንዘቡን ለፎስፌት መለኪያና ለአዲስ ሬዚን ያውለው። የኔ ዕሽግ ግማሹ አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ የአየር ፓምፑንም አብሬ አስሬዋለሁ።