የእናቴን እግር ለሚያዩት ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሰሜን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል ለሚሠሩ አንዲት ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና እንደ እናቴ ያለ ታማሚ በቤቱ ላለ ሰው ሁሉ እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው፤ ስሜን ተወው» ስላሉኝ፣ ቃላቸውን አክብሬ «ሲስተር» ብቻ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ጤና ጣቢያውን ማወቅ ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እነግራለሁ።

እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የስኳር ሕመም እንዳለባት ያወቅነው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለወራት ውኃ ጥም አላስቀምጥ ብሏት፣ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት እየተነሣች፣ ቀሚሶቿ እየሰፏት ሲሄዱ፣ እኛ ልጆቿ «ዕድሜ ነው» ስንል፣ እሷ ደግሞ «ፍልሰታ ነው ያከሳኝ» ስትል ቆይተናል። በአንድ የግል ክሊኒክ በባዶ ሆዷ የተለካው ስኳር 287 ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት በድጋሚ ልኬት ሲረጋገጥ የስኳር ሕመም እንደሚባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያነጋገረን ሐኪም ወረፋ በዝቶበት ነበርና አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ከክፍሉ ይዘን የወጣነው የሜትፎርሚን ማዘዣና «እንጀራ ይቀንሱ፤ ጣፋጭ ይተዉ» የሚል ምክር ብቻ ነበር።

እናቴ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሰው ናት፤ የፈጸመችው ግን በገባት መንገድ ነው። እንጀራውን ቀንሳ የስንዴ ዳቦ አበዛች። ስኳር ትታ «ማር የተፈጥሮ ነው፤ አይጎዳም» በሚል የጎረቤት ምክር ሻይዋን በማር ማጣፈጥ ጀመረች። መድኃኒቱንም ከምግብ ጋር መውሰድ እንዳለባት የነገራት ስላልነበረ በባዶ ሆዷ እየዋጠችው ሆዷን ሲነፋትና ሲያስቀምጣት፣ አንድ ቀን ስትወስድ ሁለት ቀን ስትተው ከረመች። በጥር ወር የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ሲሠራላት ውጤቱ 10.4 በመቶ መጣ፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም መለያ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። «ሁሉን ትቼ፣ ሆዴን ቀጥቼ፣ አሁንም አልወርድ አለ» ብላ ያለቀሰችው የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ክትትሏን ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አዙረን ሲስተር ጋር የቀረብነው።

ሲስተር መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እናቴን አለመቆጣታቸው ነው። ካርዷን አይተው፣ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ «እማማ፣ ስለዚህ ሕመም የሚያውቁትን ይንገሩኝ» አሏት። እናቴ «ደሜ ውስጥ ስኳር ገብቶ ነው» ስትል አላረሟትም፤ «ልክ ነው፤ ግን ስኳሩ እዚያ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ቀጠሉ። ከዚያም የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት እንደሚለወጥ፣ ያ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል እንዲገባ የሚያደርገው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን እንደሆነ፣ በእሷ ዕድሜ በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት በሚባለው ሕመም ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊኑ እንደ ድሮው አልታዘዝ እንደሚልና ቆሽትም ከጊዜ በኋላ እንደሚደክም አስረዷት። «ስኳሩ ደጅ ቆሞ የሚያስገባው ያጣ እንግዳ ነው፤ ደጁ ሞልቶ ቤቱ ተርቧል፤ የከሱትም ለዚህ ነው» አሏት። እናቴ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንግዲያ ቆሽቴ አርሯል ማለት ነዋ!» አለች። ሲስተር ከልባቸው ሳቁ። «አላረረም እማማ፤ ደክሞታል። እኛ የምንሠራው ሸክሙን ለማቅለል ነው።» በሦስት ወር ውስጥ እናቴ ስለ ሕመሟ ስታወራ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በምግብ ረገድ የነበራቸው አቀራረብ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ነው። የሚከለከሉ ምግቦች ዝርዝር አልሰጡንም፤ ይልቁንም እናቴ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትበላ ጠየቁ። ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንደምንበላ፣ እንጀራ ሲያልቅ ጭማሪ እንደሚመጣ፣ የልጅ ልጆቿ ሲያጎርሷት እምቢ ማለት እንደማይሆንላት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «የራስዎን ሳህን ይያዙ» ማለት ይቀላቸው ነበር፤ ብለውም ነበር፤ እናቴ ግን «ከልጆቼ ተለይቼ? እንደ በሽተኛ?» ብላ ፊቷ ሲለወጥ አዩና ሐሳባቸውን ወዲያው ለወጡት። ከትሪው ላይ የእሷ ድርሻ የሆነው ግማሽ እንጀራ አስቀድሞ በፊቷ እንዲነጠፍ፣ ከዚያ ውጭ ጭማሪ እንዳይኖር፣ በፊቷ የሚወጣው ወጥ ደግሞ ገሚሱ ጎመንና ሌላ አትክልት ሆኖ ምስርም ሆነ ሽሮ እንዲከተለው አደረጉ። «ጉርሻም ይቆጠራል» ሲሉ ወደ እኔ ዞረው ነበር። የስንዴ ዳቦው ከእንጀራው የተሻለ እንዳልሆነ፣ ማርም ቢሆን ያው ስኳር መሆኑን የነገሯት በዚሁ መሃል ነው፤ ስለ ማሩ እናቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ የተቀበለቻቸው አይመስለኝም፤ ቢሆንም መጨመሯን ትታለች።

ቡናውን ደግሞ አብረው አሰሉላት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከ4 እስከ 5 ግራም ስለሚመዝን፣ ከምግብ ውጭ በአንድ ጀበና ብቻ ከ24 እስከ 30 ግራም ስኳር ትጠጣ ነበር ማለት ነው። «እንግዲያ እንደ አያቴ በጨው ልጠጣዋ» ብትል፣ «ግፊትዎንስ ለማን እንተወው?» አሏት። አሁን ያለ ምንም ትጠጣለች፤ ሁለት ሳምንት ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ለመደችው።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ብዙ አልተናገሩም፤ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በቂ መሆኑን ነግረው፣ በተለይ ከምሳ በኋላ እንድትጋደም ሳይሆን ሰፈሩን አንድ ዙር እንድትዞር መከሯት።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ የደረሰውን ግን በሰፊው መናገር አለብኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ለሰው ሕይወት የሚጠቅም ቢኖር ይህ ነውና። በሐኪም ትእዛዝ ከሜትፎርሚኑ ጋር ግሊቤንክላማይድ ተጨምሮላት ነበር። ይህ መድኃኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ውጦ አለመብላት ስኳርን ከሚገባው በታች ያወርዳል። እናቴ ጠዋት መድኃኒቷን ውጣ እስከ 9 ሰዓት ልትጾም ወሰነች፤ ለማናችንም አልነገረችም። ወደ 7 ሰዓት ገደማ ከወጥ ቤት ስወጣ ግንባሯ በላብ ተነክሮ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ የማይያያዝ ነገር ስትናገር አገኘኋት። ለካኋት፤ 52። እኛ ቤት ስኳር መርዝ ነው ተብሎ ከመደርደሪያ ስለወረደ እህቴ ስኳር ለመስጠት ፈራች። እኔ ሲስተር አስቀድመው «ከ70 በታች ከወረደ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ስጥ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካ፤ ካልወጣ ድገም፤ ሲወጣ ምግብ አብላ» ያሉኝን ያንኑ አደረግሁ። ራሷን ስታ ቢሆን ኖሮ በአፏ ምንም ሳልሰጥ በቀጥታ ወደ ሕክምና መሮጥ እንደነበረብኝም ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ወደ ራሷ ተመለሰች፤ መጀመሪያ ያለችውም «ጾሜን አስገደፋችሁኝ» ነው።

በማግስቱ ሲስተር ሲሰሙ «አይጹሙ» አላሏትም። መድኃኒቱን ውጦ ሆድን ባዶ ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ካስረዷት በኋላ፣ ጉዳዩን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ እንድትሄድ ነገሯት፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን እንደገና እንዲያይላት አደረጉ። ንስሐ አባቷም ሰዓቱን እንድትተው፣ ከጥሉላት ግን እንድትከለከል ፈቀዱላት። ወረፋ ላይ ከእናቴ ጋር የተወዳጁ አንዲት ሙስሊም እናት ስለ ረመዷን ሲጠይቋቸውም በተመሳሳይ አኳኋን አስረድተው፣ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ ከሼካቸው ጋር እንዲነጋገሩበት ሲመክሯቸው ሰምቻለሁ።

ወደ እግሩ ልምጣ። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ሰው ቢወጋም ቢቃጠልም ላይሰማው ይችላል፤ ቁስሉ ሲመረቅዝ ነው የሚነቃው። ሲስተር በመጀመሪያው ቀጠሮ ተንበርክከው የእናቴን ጫማና ካልሲ ራሳቸው አወለቁ። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ አይሆንም!» ብላ እግሯን ስትሰበስብ፣ «ይሄ ሥራዬ ነው እማማ» ብለው ያዙት። የዓሣ ማጥመጃ ክር በመሰለ ቀጭን ነገር፣ ዓይኗን አስጨፍነው፣ ጣቶቿንና ውስጥ እግሯን እየነኩ «ተሰማዎት?» ይጠይቋታል። በግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ ሦስት ጊዜ ነኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለች። እኔ ቆሜ አያለሁ፤ ክሩ ጎብጧል፤ እናቴ ግን «ይጀምሩ እንጂ» ትላለች። ከዚያም ጫማዋን አንሥተው ውስጡን በእጃቸው ሲዳስሱ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር አወጡ። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያው በዚያች ጠጠር ላይ ነው የተራመደችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጫማዋን ሳታራግፍ አታደርግም፤ እግሯን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታሞቅም፤ የመታጠቢያውን ውኃ በእግሯ ሳይሆን በክርኗ ትፈትሻለች። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ ግድ ስለሆነ ለዚያ ብቻ የሚሆን ወፍራም ነጭ ካልሲ ይዛ ትሄዳለች፤ ይህም የሲስተር ሐሳብ ነው። ማታ ማታ ደግሞ የስምንት ዓመቱ ልጄ ውስጥ እግሯን በእጅ ስልክ መብራት እያየ «ቁስል የለም» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል የማይመቸውንም ልናገር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት አልቆ ከውጭ ግዙ እንባላለን፤ የአማካይ ስኳሩን ምርመራ እዚያ ስላላገኘነው ሌላ ቦታ ከፍለን ነው የምናሠራው፤ የቤት መለኪያው ስትሪፕም ኪስ ይጎዳል። ሲስተርም መልአክ አይደሉም፤ መድኃኒቱን ያለ ምክር ያቋረጠ ሰው ሲገጥማቸው ድምፃቸው ኮሪደሩን ያልፋል። ዓይኗን በዓመት አንድ ጊዜ እንድትታይ ሆስፒታል ሲልኳት፣ የኩላሊቷንም ምርመራ ሲያስታውሱ፣ የእሳቸው ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያ መሆናቸውን ተረድቻለሁ።

አንድ ሌላ የሚያደርጉት ነገር አለ። እዚያ ክትትል ያለው፣ ቆሽቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ አንድ የ17 ዓመት ወጣት አለ፤ ሕይወቱ በመርፌው ላይ የቆመ ነው። እናቴን ጨምሮ ብዙዎቹ እናቶች «መርፌ ከተጀመረ ያበቃለታል» ብለው ያምናሉ። ሲስተር ንግግር ከማድረግ ይልቅ ልጁን ጠርተው ያስቀምጡታል። እሱም ቤታቸው ፍሪጅ ስለሌለ እናቱ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ እርጥብ አሸዋ በያዘ ማሰሮ ውስጥ እንደምታቀዘቅዝለት፣ የሚወጋበትን ቦታ በየቀኑ እንደሚቀያይር፣ ኳስ ከመጫወቱ በፊት እንደሚለካ ይነግራቸዋል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1922 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ለአንድ የ14 ዓመት ታዳጊ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ እንደነበር ሲስተር ሲጨምሩበት፣ እናቴ ልጁን ስማ «እኔም የመጣብኝ ቀን እወጋለሁ» አለች። እስካሁን አልመጣባትም። ባለፈው የተሠራላት አማካይ ስኳር 7.1 በመቶ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ፣ የክትትሉ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይመረጣል። ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የባህል መድኃኒትም ካለ እሱኑ፣ ሳትደብቁ ይዛችሁ ሂዱ። የጤና መድኅን ደብተር ያላችሁ አትርሱ። ቤት ውስጥ የሚያበስለውም ሰው አብሮ ቢሄድ ሲስተር ደስ ይላቸዋል። እግራችሁንም ታጥባችሁ ሂዱ፤ ማስወለቃቸው አይቀርም።