ቻርጅ ያስገዛኝ መዝገበ ቃላት

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ ሁለት ወንበር። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ውል፣ አልፎ አልፎም የፍርድ ቤት ወረቀት እተረጉማለሁ። ዛሬ የምጽፈው ከጠረጴዛዬ ስለማይነሳው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ፣ 7ኛ እትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ እትሞች መጥተዋል። እኔ ግን አሮጌውን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ተከራክሬ በ600 ብር ወሰድኩት።

«ስልክ እያለ ይህን ጡብ ምን ያደርግልሻል?» ያላለኝ ሰው የለም። መልሴ አንድ ቃል ነው፤ ቻርጅ።

አማርኛችን ውስጥ ገብቶ የቀረው ቻርጅ የስልክ ነው። መብራት መጣ ሲባል ሁሉም ቻርጀር ፍለጋ ይሯሯጣል። ሆቴል የሚሠሩት ደግሞ ሰርቪስ ቻርጅ ይላሉ። ቃሉ በአገሩ ግን ከዚህ በላይ ሥራ አለበት። ክፍያ ነው፣ የወንጀል ክስ ነው፣ ኃላፊነት ነው፣ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፣ ግር ብሎ ማጥቃትም ነው። በአደራ የተሰጠህ ልጅም ቻርጅህ ይባላል። አንድ የእንግዳ ማረፊያ በስልክ መተርጎሚያ ያስተረጎመውን ወረቀት አምጥቶልኝ ነበር። «ቁርስ ከክስ ነፃ ነው» ይላል። በነፃ ነው ለማለት መሆኑ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ይህ መጽሐፍ እንዲህ ዓይነቱን ቃል ሲያገኝ ትርጉሞቹን ዝም ብሎ አይደረድርም። በእያንዳንዱ ፊት አጭር ምልክት ያስቀምጣል፤ ገንዘብ፣ ወንጀል፣ ኃላፊነት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጥቃት፣ ፈንጂ እያለ። የፍርድ ቤት ወረቀት ይዤ ከሆነ በቀጥታ ወንጀል የሚለው ጋ እሄዳለሁ። ማብራሪያዎቹ በአብዛኛው የተጻፉት 3,000 ገደማ በሆኑ የተለመዱ ቃላት ስለሆነ አንዱን ቃል ለመረዳት ሌላ አምስት ቃል አላሳድድም። ከሥር ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አለ። ቃሉ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድም ያሳያል። እኔን የሚያኖረኝ እሱ ነው። አኪዩዝ (ጥፋተኛ ነህ ማለት) ከኦፍ ጋር ይሄዳል፣ ቻርጅ ከዊዝ ጋር። አኪዩዝ ማንም ጎረቤት ሊያደርገው ይችላል፤ በወንጀል ቻርጅ የሚያደርገው ግን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ነው። የእኛ «ክስ» የፍትሐ ብሔሩንም የወንጀሉንም ስለሚይዝ፣ የመሬት ክርክር የያዘ ገበሬ ወረቀት ላይ ቻርጅ ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ሰውዬውን ወንጀል ውስጥ ያስገባዋል።

አንዲት «ዘ» ደግሞ ጉድ ትሠራለች። ኢን ቻርጅ ኦፍ ካልክ ኃላፊው አንተ ነህ። ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ ካልክ ግን በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ያለኸው አንተ ነህ። የሐኪም ቤት ደብዳቤ ላይ ይህች ነገር ብትሳት በሽተኛው ነርሷን ሊያስታምም ነው!

የቃሉ ሥር ከላቲን ነው፣ ጋሪ መጫን ማለት ነው። ካርጎም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ትርጉሞቹ አይበታተኑብኝም። ጠመንጃው ባሩድ ይጫናል፣ ባትሪው ኃይል፣ ሰውየው ዕዳ ወይም ሥራ ወይም ወንጀል። የእኛም ሰው «ጫና በዛብኝ» ይላል፤ ጋሪ ባይኖረውም።

መጽሐፉን በጣም የወደድኩት ግን በጀልባ ሰዎች ምክንያት ነው። ቱሪስት የሚያመላልሱ ልጆች የዋጋ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ላዘጋጅላቸው መጡ። «እታለም፣ ሁሉንም ቻርጅ ብለሽ ጻፊው፣ ይገባቸዋል» አለኝ አንዱ። ይገባቸዋል፣ እውነቱን ነው። ግን የጀልባ ቻርጅ፣ የገዳም ቻርጅ፣ የአስጎብኚ ቻርጅ ብሎ መደርደር ያስጠላል። መጽሐፉ ውስጥ ተመሳሳይ ቃላትን ለይቶ የሚያስረዳ ሣጥን አለ። ሬት (ተመን) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋ ስሄድ ቻርጅን ከወንድሞቹ ጋር ተሰልፎ አገኘሁት። ፌር ተሳፋሪ የሚከፍለው ነው። ፊ ለባለሙያ ወይም ለመግቢያ ነው። ሬንት የቤት ኪራይ ነው። ቶል ከአዲስ አበባ አዳማ ስንሄድ የምንከፍለው ነው። ፋይን ቅጣት ነው። ቻርጅ ለአገልግሎት የሚጠየቅ ጠቅላላ ስም ነው። በዚህ መሠረት ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመግባት የሚከፈለው ፊ ሆነ፣ የአስጎብኚውም ፊ ሆነ፣ ጀልባውን በሙሉ መያዝ ደግሞ ሃየር። ቻርጅ የተረፈችው ጀልባዋ ቆማ ስትጠብቅ ለሚጠየቀው ገንዘብ ብቻ ነው። ክብራን ገብርኤልንም ጻፍኩላቸው፤ ሴት ስለማይገባ እኔ ራሴ አይቼው አላውቅም።

ተመሳሳይ ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው የሮዤን ቴሶረስ ያነሳል። ሐኪሙ ሮዤ መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ቃላቱን በዘርፍ ሰብስቦ ያቀርብልሃል እንጂ ልዩነታቸውን አያስረዳህም። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ይበቃዋል። እኔን ግን ገደል ይከተኛል። የኦክስፎርዱ አዘጋጅ ሆርንቢ ግን መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያውም ያሰበው እንደኔ ላለው ተማሪ ነው። ጃፓን ሲያስተምር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶት መጀመሪያ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1942 ታተመ። ኦክስፎርድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ አማርኛ የለውም። ሁሉንም ከተረዳህ በኋላ አማርኛውን ራስህ መፈለግ አለብህ። ለዚህ አጠገቡ የአምሳሉ አክሊሉንና የሞዝባክን እንግሊዝኛ–አማርኛ አስቀምጫለሁ። እሱ ደግሞ የ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ ስለሆነ የኮምፒውተር ዘመን ቃል ሲመጣ እጄን ያሳጥረዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የሌስላው መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ስለሚያሳይ ለተርጓሚ ይሻላል፤ ግን ገበያ ላይ እንደልብ አይገኝም። ወረቀቱም ስስ ነው፣ የኦክስፎርዱ። በላብ እጅ ብታገላብጠው ይጣበቃል፤ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ለአስጎብኚ፣ ለተርጓሚ ግዙ እላለሁ። መጠየቅ ሰልችቶት «ቃሉ በአማርኛ ምንድነው?» ብቻ ለሚል ሰው አይሆንም። አሮጌ ከገዛችሁ ሻጩ ፊት ቁሙና መጨረሻውን ገልጣችሁ እዩ። የኔው ደብልዩ ላይ ያበቃል። ስመለስ ሻጩ «እታለም፣ ከዚያ በኋላማ ብዙ ቃል የለም» አለኝ።